ኤክስታንት፦ ከጠፉት መካከል ቆሞ የተገኘ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ዲያቆን ነኝ፤ ጎን ለጎን እንግዳ አስጎበኛለሁ። በቀደም ከውጭ አገር ለመጡ አንድ አዛውንት ተመራማሪ ስለ አንድ የድሮ ድርሰት ስነግራቸው ቆም አሉና «ኢዝ ኢት ኤክስታንት?» አሉኝ። እኔ «ኢምፖርታንት» ያሉ መሰለኝ። «የስ፣ ቬሪ!» አልኳቸው። ሳቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማታ መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ያለ፣ የሚገኝ» ይላል። «ያለ» ለማለትማ «ኤግዚስቲንግ» የሚባል ቃል አለ አይደል? ይሄኛው ምን ሊጨምር መጣ? ከየትስ ነው የመጣው? እኔ ብጠቀምበትስ ያስቅብኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ማርቆስ ብርዱ ጠናብን እንጂ ሌላ ክፉ የለም።

መጀመሪያ የሳቁን ነገር እንጨርሰው። ሰውየው በአንተ የሳቁ አይመስለኝም። ጥያቄና መልሱ ገጥሞ ነው ያሳቃቸው። እሳቸው «ድርሰቱ ዛሬም አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አንተ «አዎ፣ በጣም!» አልካቸው። አንድ መጽሐፍ «በጣም» ሊኖር አይችልም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ። «ኤክስታንት» ማለት ሳይጠፋ እስከ ዛሬ የደረሰ ማለት ነው። መዝገበ ቃላትህ አልዋሸህም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። «ኤግዚስቲንግ» ያለን ነገር ሁሉ ይይዛል። ያለው መንገድ፣ ያለው ሕግ፣ ያለው ሠራተኛ፣ ሁሉም «ኤግዚስቲንግ» ነው። «ኤክስታንት» ግን መራጭ ነው። ይህን ቃል የሚናገር ሰው በሆዱ ሌላ ነገር ይዟል። «ጓደኞቹ ጠፍተዋል፣ ይሄ ግን አለ» እያለ ነው። ወይም ደግሞ «ሊጠፋ ይችል ነበር፣ ግን አልጠፋም»።

ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ አለ። ስላለ ብቻ ግን «ኤክስታንት» አልለውም፤ ማንም እንደሱ አይልም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግብር ካበሉባቸው መሶቦች አንዱ ዛሬ ከአንድ ሰው ጓዳ ቢወጣ ግን ያ መሶብ «ኤክስታንት» ነው። ሌሎቹ የሉማ። ስለዚህ ቃሉን ልትጠቀም ስትል ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ከምን ተርፎ? መልስ ካለህ ተጠቀምበት። ከሌለህ «ኤግዚስቲንግ» ይበቃሃል።

«ከየት መጣ?» ላልከው፣ ከላቲን ነው። በላቲን «ኤክስ» ማለት «ወደ ውጭ» ነው። «ስታሬ» ማለት ደግሞ መቆም። ሲጋጠሙ ወጣ ብሎ መቆም፣ ጎልቶ መታየት ይሆናሉ። ጥቅምት ላይ ዓባይ ሲጎድል ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ከውኃው በላይ ብቅ ይላሉ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ክረምቱን ሙሉ የት እንዳሉ አታውቅም። ውኃው ሲወርድ የቆሙት ይታያሉ። «ጎልቶ የቆመ» ያለው ቃል «የሚታይ» ወደሚለው ሄደ፤ ከዚያም «ያለ» ሆነ።

ሁለቱን አያይዘህ ስትጽፍ «ስ» ሁለት ጊዜ መምጣት ነበረባት። አንዷ የት ገባች? ፈረንጆቹ «ኤክስ» የሚሏት ፊደል ከመጀመሪያውም «ክ» እና «ስ» ሆና ነው የምትነበበው። ሁለተኛዋን «ስ» ዋጠቻት። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ «ስታሬ»ን ብትፈልገው ራሱ ተቆርጦ ነው የምታገኘው።

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ያን ጊዜ እንግሊዞችም ከአንድ ነገር ላይ ወጣ ብሎ፣ አፈንግጦ ለሚታይ ነገር ይሉት ነበር። ያ አጠቃቀም ዛሬ ቀርቷል። በራሱ ቋንቋ ብንነግረው፣ የቃሉ የጥንት ትርጉም ራሱ «ኤክስታንት» አይደለም። ቃል ቆሞ ትርጉሙ ሲሞት ማየት ደስ ይለኛል። የቋንቋ መምህር ክፋት ነው፣ ይቅር በለኝ።

«ስታሬ» ልጆቹ ብዙ ናቸው። «ዲስታንት» ተራርቆ የቆመ ነው፤ ሩቅ ማለት ሆነ። «ኮንስታንት» ጸንቶ የቆመ ነው፤ የማይለወጥ ማለት ሆነ። «ኢንስታንት» አጠገብ የቆመ፣ እላይህ ላይ የደረሰ ነው፤ ቅጽበታዊ ማለት ሆነ። ሱቅ የሚሸጠው የሚሟሟ ቡና ስሙን ከዚህ አገኘ። የጎጃም ሴት እሱን ቡና ብላ ለእንግዳ አታቀርብም እንጂ። «ስቴት»፣ «ስቴሽን»፣ «ስታቹ» የሚባሉትም ከዚሁ ከመቆም የተወለዱ ናቸው። «ኤግዚስት» እንኳ ሩቅ አይደለም። እሱም «ኤክስ» አለበት፤ ከጀርባው ያለው «ሲስቴሬ» የ«ስታሬ» የቅርብ ዘመድ ነው፣ ማቆም ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሲያድጉ ነው ሥራ የተከፋፈሉት።

«ኢምፖርታንት» ግን ዘመድ አይደለም። መጨረሻው ስለተመሳሰለ አትታለል። እሱ «ወደ ውስጥ ተሸክሞ ማስገባት» ከሚል ግሥ የመጣ ነው። ነጋዴ «ኢምፖርት» የሚለው የዚያ ወንድም ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ፤ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ላቲን መኖርን በመቆም ነው የገለጸው። አማርኛስ? ሰው ሲቆጣ «እኔ ቆሜ ሳለሁማ ይሄ አይደረግም!» ይላል። በእግሬ ቆሜ ማለቱ አይደለም። ቢቀመጥም ያው ነው። በሕይወት ሳለሁ ማለቱ ነው። ወራሽ የሌለው፣ ወይም ወራሾቹን የማያምን ሰው፣ «ኋላ ማን ያወጣልኛል?» ብሎ ራሱ ደግሶ ራሱ የሚያበላው ተዝካር የቁም ተዝካር ይባላል። ገበያ ላይ ያልታረደው የቁም ከብት ነው። ልብ በል፤ ማንም ሰው ግጦሽ ላይ ያለ በሬውን «የቁም ከብት» ብሎ አይጠራም። ከብት የሚባለው «የቁም» የሚሆነው ቢላዋው አጠገብ ሲሆን ነው። ሥጋ ሊሆን ይችል ነበር፣ ገና አልሆነም። የ«ኤክስታንት» ጠባይ እዚህ ጋ አለ።

በሌላ በኩል እኛ በመቀመጥም ኖረናል። በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ነው። ይሄንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። መንበርም መቀመጫ ነው። አማርኛ ያንኑ ግሥ ወስዶ ላለፈ መኖር አደረገው። «እዚህ ዛፍ ነበረ» ስንል በግእዝ ጆሮ «እዚህ ዛፍ ተቀምጦ ነበር» ያልን ያህል ነው። ዛሬ ላለው ነገር ደግሞ «አለ» እንላለን፤ እሱ የግእዙ ሀለወ ነው፤ ህልውና ያልነውም ከዚያው ነው። «ኤክስታንት»ን «ህልው» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። አልወደውም። «ህልው» ሰፊ ነው። መተረፉን አይናገርም። እኔ ብሆን ለመጽሐፍ «እስከ ዛሬ የደረሰ» ወይም «በእጃችን ያለ» እላለሁ። ለእንስሳ «ዘሩ ያልጠፋ» እላለሁ። ለሕንፃ «ዛሬም ቆሞ ያለ»። ሦስት አማርኛ ለአንድ እንግሊዝኛ! ምን ይደረግ? ቃሉ የሚሄድበት ቦታ ይለያያል።

ተቃራኒው ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሬው ጠፋ። እሳቱ ጠፋ። ዘሩ ጠፋ። እኛ ለሦስቱም አንድ ግሥ ይበቃናል። እንግሊዝኛ ይለያያቸዋል። የጠፋ በሬና የጠፋ መጽሐፍ «ሎስት» ናቸው። ዘሩ የጠፋ እንስሳ «ኤክስቲንክት» ነው። ይሄ «ኤክስቲንክት» እሳት ማጥፋት ከሚል የላቲን ግሥ ነው የመጣው። መኪና ላይ የሚሰቀለው የእሳት ማጥፊያ፣ «ኤክስቲንጉሸር» የሚሉት፣ ከዚያው ነው። ዘር ሲያልቅ እንደ እሳት ነው የሚታያቸው ማለት ነው፤ በዚህ እንኳ ከእኛ ጋር ተስማምተዋል። ላንተ የሚጠቅምህ ይሄ ነው፦ ስለ ብራና ስታወራ የ«ኤክስታንት» ተቃራኒ «ሎስት» ነው። «ኤክስቲንክት ማኑስክሪፕት» ብለህ ብታስጎበኝ ያኔ በእውነት ይስቁብሃል።

ለምሳሌ ሩቅ አትሂድ። መጽሐፈ ሄኖክ አለልህ። ለእኛ ይሄ መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከቀኖና መጻሕፍት አንዱ ነው። አውሮፓ ግን ስሙን እንጂ መጽሐፉን ካጣ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። የይሁዳ መልእክት ውስጥ ስለተጠቀሰ ያውቁታል፤ ከዚያም ሌላ አንዳንድ የግሪክ ጥቅስ በእጃቸው ነበር። ያ ብቻ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ መጣ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶታል፤ ብሩስ ግን የመጀመሪያው እኔ ነኝ ሲል ኖረ። ይሁንና በ1773 አውሮፓ ሲገባ ሦስት የሄኖክ ቅጂ ይዞ ነበር። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ። አንዱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሪቻርድ ሎውረንስ የሚባል ሊቅ የኦክስፎርዱን ቅጂ ይዞ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ብዙ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ብሩስ ለዓለም ያደረሰው ትልቁ ነገር ምንጩ አይደለም፤ እነዚያ ሦስት ብራናዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ግብፅ ውስጥ አክሚም ከሚባል ቦታ በ1880ዎቹ የግሪክኛው የመጀመሪያ ክፍል ተገኘ። በ1950ዎቹ ደግሞ ሙት ባሕር አጠገብ፣ ከቁምራን ዋሻ፣ የአራማይኩ ቁርጥራጮች ወጡ። ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንዳንዱ ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የቀረው። ሙሉው መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው በግእዝ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ይሄን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ቃል «ኤክስታንት» ነው። «ሙሉው ኤክስታንት የሆነው በግእዝ ብቻ ነው» ይላሉ። «ኤግዚስት ያደርጋል» ቢሉ ስሕተት አይሆንም፤ ግን የጠፋው ግሪክና የጠፋው አራማይክ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣሉ። መጽሐፈ ኩፋሌም ያው ታሪክ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ አለ፣ ሙሉው ያለው በግእዝ ነው። ሌላ እንግዳ ቢመጣብህ ይሄን ንገረው። ማስታወሻውን ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ አንተ ባለህበት ሥራ መለየት አለብህ። ድርሰቱ ሌላ፣ ብራናው ሌላ። ደራሲው በእጁ የጻፈው ብራና ከጠፋ፣ ግን ደቀ መዝሙሩ ገልብጦት ከሆነ፣ ድርሰቱ «ኤክስታንት» ነው፣ የደራሲው ብራና «ሎስት» ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ሥራ ነበር፤ የየአድባራቱንና የየገዳማቱን ብራና በማይክሮፊልም ያነሡ ነበር። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ቤኔዲክታውያን መነኮሳት ባሉበት ገዳም ተቀምጧል። አሁን፣ አያድርገውና፣ ያን ጊዜ ከተነሡት ብራናዎች አንዱ ቢቃጠል ምን ይባላል? ብራናው ጠፍቷል፤ ቃሉ ግን ሚኒሶታ አለ። ስለዚህ ሰው «ኢዝ ኢት ኤክስታንት?» ሲልህ መልሰህ ጠይቀው፦ ድርሰቱን ነው ወይስ ይህን ብራና? ጥያቄህ ራሱ ሊቅ ያስመስልሃል።

ድንጋይ ላይም ይሠራል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ አይተኸው ይሆናል። ሰዉ የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ.፣ ከህንድ በመጣ አንድ ባለሙያ አሠሪነት እንደተሠራ ተጽፏል። ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ እዚያው አላታ ወንዝ አጠገብ አገኙት። ዛሬም በላዩ አህያ ከነጭነቱ ይሻገራል። ይሄ ያለምንም ጥርጥር «ኤክስታንት» ነው። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረውስ? ሰባራ ድልድይ? እሱ የዐፄ ፋሲል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ለብዙ ዓመታት በገመድ ነበር የሚሻገረው። ገመዱን ወገብህ ላይ ያስራሉ። ወዲህ ጎበዞች፣ ወዲያ ጎበዞች። እነዚህ እየለቀቁ፣ እነዚያ እየሳቡ፣ አንተ መሀል ላይ፣ ከሥርህ ዓባይ። ቆይቶ ቢጠገንም ስሙ ሰባራ እንደሆነ ቀረ። እንደዚህ ያለውን እንግሊዝኛው «ፓርሻሊ ኤክስታንት» ይለዋል፤ በከፊል የቆመ። «ሰባራ» ይሻላል ካልከኝ አልከራከርህም።

የሥነ ሕይወት ሰዎችም ይህን ቃል በየገጹ ይጠቀሙበታል። ለእነሱ እንስሳ ሁሉ ሁለት ክፍል ነው፤ «ኤክስታንት» ወይም «ኤክስቲንክት»። «ትልቁ ኤክስታንት ወፍ ሰጎን ነው» ይላሉ። ከሰጎን የሚበልጡ ወፎች ነበሩ፣ አልቀዋል ማለት ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም አንድ እንስሳ የት እንዳለ በሚያሳይ ካርታው ላይ «ኤክስታንት» ብሎ ይጽፋል፤ ከጠፋበት ቦታ ላይ ደግሞ «ኤክስቲንክት»። የሥነ ሕይወት ሰዎቹም አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ሲላካንት የሚባል ዓሣ ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ያለቀ ነው ሲባል ኖሮ፣ በታኅሣሥ 1938 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዓሣ አጥማጆች መረብ ይዞት ወጣ።

ባሕር ዳር ስትሄድ ዓሣ የምትበላ ከሆነ ይሄ ላንተ ነው። ቀረሶውን፣ አምባዛውን፣ ነጭ ዓሣውን ታውቃለህ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ይምሰለን እንጂ ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያ ለይተውለታል። ስማቸው ላቢዮባርበስ ነው፤ ጣና ውስጥ ነው የተለያዩት። አፉ ወደ ታች የዞረ አለ፣ ወደ ላይ የዞረ አለ፤ ጭቃ የሚቆፍር አለ፣ ዓሣ የሚበላ አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ፤ እንደ ጣና የራሱ የሆኑ የዚሁ ቤተሰብ ዓሦች ነበሩት። በ2020 እ.ኤ.አ. ያ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሐይቁንና የመውጫ ወንዙን 17 ዝርያዎች መረመረ። 15ቱን «ኤክስቲንክት» አላቸው። ሁለቱን «ምናልባት ኤክስቲንክት» አላቸው። ከውጭ የገቡ ዓሦችና የዓሣ ማጥመዱ ሁኔታ ነው ያጠፋቸው። የጣናዎቹ ግን ዛሬም አሉ። «ኤክስታንት» የሚለው ቃል የጣና ነጭ ዓሣ ላይ ሲጻፍ ከኋላው ላናው አለ። የእኛዎቹም ብዙዎቹ ለመራባት በግልገል ዓባይና በጉማራ ሽቅብ ስለሚወጡ በዚያ ወቅት በመረብ መዝጋት ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

አንድ የሚያከራክር ነገር ልጨምርልህ። ቅኔስ? ቅኔ ከጎጃም ይባላል፤ ዋሸራም ጎንጅም ዲማም እዚሁ ናቸው። ባለቅኔ ሲዘርፍ አዲስ ነው የሚዘርፈው፤ የትናንቱን ዛሬ አይደግመውም። ተቀኝቶ ሲጨርስ አልቋል። ሰሚ ከያዘው ያዘው። ያልተጻፈ፣ ግን በአንድ አዛውንት ጭንቅላት ውስጥ ያለ ቅኔ «ኤክስታንት» ይባላል? ብራና የለም፣ ወረቀት የለም። እኔ ይባላል ባይ ነኝ። የሚያወርደው ሰው እስካለ ድረስ አለ።

አጎቴ ጎንጅ ተምረው ነበር። የመምህራቸውን አንድ መወድስ ይወዱ ነበር፤ የትም አልተጻፈም። ደብተር ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ስድስቱን አወረዱልኝ፤ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። «ቆይ፣ ይመጣል» አሉ። ቡና ተጠጣ። አልመጣም። እኔ ልሞላው ስሞክር «እረ ወዲያ! የሰው ቅኔ አይጣፍም» ብለው ተቆጡኝ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ ሁለት መስመር ክፍት ነው። «ፓርሻሊ ኤክስታንት» የሚለውን ለተማሪ ሳስረዳ ሰባራ ድልድይን እጠቅሳለሁ፤ ለራሴ ግን የሚታየኝ ያ ደብተር ነው።

አጠቃቀሙን ቶሎ ልንገርህና ልጨርስ። ሰው ላይ አትጠቀምበት። አንድ ተማሪዬ ፈተና ላይ «አያቴ አሁንም ኤክስታንት ናቸው» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ «ዕድሜ ይስጣቸው» ብዬ ጽፌ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ሰዋስውማ ልክ ነበር። ከስም ፊትም ከስም ኋላም ይገባል፤ «ኤክስታንት ኮፒ» ትላለህ፣ «ኮፒው ኤክስታንት ነው»ም ትላለህ። ሲነበብ «ኤክ» ላይም ብትጫን «ስታንት» ላይም ብትጫን ሁለቱም ተቀባይነት አለው፤ የሚያርምህ ሰው ካለ እሱ ነው ያላወቀው። «ኤክስቴንት» ከሚለው ጋር ግን እንዳታምታታው። እሱ መጠን፣ ስፋት ማለት ነው። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ኮምፒዩተሩም አያርምልህም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይሄን ስሕተት ሳላገኝ የቀረሁበት ጊዜ ትንሽ ነው። ደግሞ ለወሬ፣ ለቀልድ፣ ለገበያ አይሆንም። ደረቅ ቃል ነው። የሙዚየም፣ የቤተ መጻሕፍትና የላቦራቶሪ ሰዎች ቃል ነው። ላንተ ሥራ ግን ልክህ ነው። ተጠቀምበት፣ አያስቅብህም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ጮቄ «ኤክስቲንክት ቮልካኖ» ነው አሉን። ታዲያ ኤርታሌ «ኤክስታንት ቮልካኖ» ይባላል?

መልስ፦ ጎሽ፣ ጥሩ ጠየቅክ። አይባልም። እሳተ ገሞራ ላይ ሦስት ቃል ነው ያለው። የሚሠራው «አክቲቭ» ነው፤ ኤርታሌ እሱ ነው። የተኛው «ዶርማንት» ነው። ጨርሶ የበረደው «ኤክስቲንክት» ነው። እዚህ ጋ «ኤክስቲንክት» ወደ ጥንት ትርጉሙ ተመልሶ ነው የገባው፤ እሳቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ተራራውማ የት ይሄዳል? ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቁመቱን ይዞ እዚያው አለ፤ ወንዙንም ብርዱንም እየላከልን ነው። አስተማሪያችሁ ልክ ናቸው።

ከደጀን የጻፍሽልኝ እኅት፣ የ«ዲፈንክት» ጥያቄሽ ደርሶኛል። ለሚቀጥለው እትም አቆይቼዋለሁ።